ከዘጠኝ ሰዓቷ ጀምሪ

ስሚኝማ እህቴ፤ ጸሎት ማቆምሽን የነገረኝ ሰው የለም፣ ከአነጋገርሽ ነው ያወቅሁት። «ጸልዬ ጸልዬ ምን አገኘሁ» የምትል ልጅ ካቆመች ሰንብታለች። ልቆጣሽ አይደለም የጠራሁሽ፤ ቁጭ በይና ቡናሽን ጠጪ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እንዴት እንደ ጀመርሽው አይቻለሁ። የዘወትር ጸሎት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ይዌድስዋ መላእክት፣ በዚያ ላይ ከዳዊት በቀን ሦስት ንጉሥ፤ ስግደቱን ሳንቆጥር። ሦስት ንጉሥ ማለት ሠላሳ መዝሙር ነው። ይህን ሁሉ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመሽ፣ ደክሞሽ ቤት ገብተሽ ልታደርሺው ነበር። ዘወረደን እንደ ምንም ገፋሽ፣ ቅድስትን እያዛጋሽ ጨረስሽ፣ ምኩራብ ሲገባ መጽሐፉ ትራስጌሽ ላይ አቧራ ለብሶ ነበር። ከ55ቱ ቀን ገና ብዙ ይቀር ነበር እኮ!

ለመሆኑ ያን ሁሉ ያዘዘሽ ማን ነው? የንስሐ አባትሽን አልጠየቅሽም። ብትጠይቂያቸው ኖሮ እንደ አቅምሽ ይሰጡሽ ነበር፤ ሌሊት ተረኛ ለሆነች ነርስ፣ ለአራስና ለመነኩሴ እኩል ጸሎት አያዝዙም። አሁንም ሂጂና ጠይቂያቸው። አሳንሰው ሲሰጡሽ ደግሞ «ናቁኝ» ብለሽ እንዳትቀየሚ፣ አውቅሻለሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን ለቀኑ ሰባት የጸሎት ጊዜ ሠርታለች፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ሰባቱንም ዛሬውኑ ያዢ አልልሽም። አንድ ነገር ግን ልብ በይልኝ፤ ወንጌል ላይ ያለው የሰዓት አቆጣጠርና እጅሽ ላይ ያሰርሽው አንድ ነው። ጌታ በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠው በዘጠኝ ሰዓት ነው ሲል፣ ያው አንቺ ቢሮ ቁጭ ብለሽ ዐይንሽ የሚከብድበት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጴጥሮስና ዮሐንስ ለጸሎት ወደ መቅደስ የወጡት፣ በሩ ላይም ሽባውን ያገኙት በዚያው ሰዓት ነበር። ጴጥሮስ በኢዮጴ ሰገነት ላይ ሊጸልይ የወጣው ግን በስድስት ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜም ርቦት ነበር። ሐዋርያው ሆዱ እየጮኸ ከጸለየ፣ አንቺ ቀትር ላይ ሐሳብሽ ወደ ሽሮው ቢሮጥ ምን ይገርማል? መልሺውና ቀጥዪ።

እና ከዘጠኝ ሰዓቷ ጀምሪ። ከተቻለሽ ተነሥተሽ ደረጃው ጋ ቁሚ፤ ካልተቻለሽ እዚያው ወንበርሽ ላይ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በልብሽ አድርሺ። ማንም አያውቅብሽም። ጠዋት ስልክሽን ከመንካትሽ በፊት አንዴ፣ ማታ ከመተኛትሽ በፊት አንዴ ስትጨምሪበት በቀን ሦስት ሆነልሽ። ዳንኤልም በቀን ሦስት ጊዜ ነበር የሚጸልየው፣ ያውም የአንድ ትልቅ መንግሥት ሹም ሆኖ።

የዳንኤልን ነገር ብዙ ሰው አንበሶቹ ላይ ሲደርስ ነው የሚደነቅበት። እኔን የሚደንቀኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ከንጉሡ በቀር ማንንም የለመነ ወደ ጉድጓድ ይጣል የሚለው አዋጅ መጻፉን እያወቀ ቤቱ ገባ፤ መስኮቶቹ እንደ ወትሮው ወደ ኢየሩሳሌም ተከፍተዋል፤ ተንበርክኮ የለመደውን ጸለየ። ሞት መጣ ብሎ ሱባኤ አልጀመረም፣ ፈርቶም መስኮቱን አልዘጋም። እኛ ግን ጭንቅ ሲመጣ ነው ዳዊት ፍለጋ የምንሮጠው፤ ጭንቁ ሲያልፍ ደግሞ የት እንዳስቀመጥነው እንረሳዋለን።

አሁን ወደ ሆድሽ ነገር እንምጣ። ያ የተመኘሽው ሥራ ለሌላ ሰው ሲሰጥ አኮረፍሽ፤ ከሰው ጋር ሳይሆን ከእግዚአብሔር ጋር። ማኩረፉን ንገሪው፣ ዳዊትም ይነግረው ነበር። ግን የኔ ቆንጆ፣ ጸሎት ዕቁብ አይደለም፤ በየቀኑ ስለ ጣልኩ ዕጣው ይውጣልኝ አይባልም። ጳውሎስ ሥጋውን የሚወጋው ነገር እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለመነ፣ አልራቀለትም፤ የተሰጠው መልስ ጸጋዬ ይበቃሃል የሚል ነበር። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ ያንኑ ቃል እየደጋገመ ጸለየ፣ ጽዋውም አላለፈም። አንድ ዓይነት ነገር መደጋገም ሰለቸኝ ስትዪኝ ይህ ነው ትዝ የሚለኝ።

ሐናን ደግሞ አስቢያት። በየዓመቱ ወደ ሴሎ ትወጣለች፣ በየዓመቱ ጣውንቷ ፍናና በመካንነቷ ታበሳጫታለች፣ በየዓመቱ ታለቅሳለች፣ እህልም አይወርድላት። ባሏ ሕልቃና ይወዳት ነበር፤ እኔ ከዐሥር ልጆች አልሻልሽምን ብሎ ሲያባብላት ደግነቱ ባይካድም ነገሩ አልገባውም ነበር፣ ወንድ ልጅ እንግዲህ። ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ያየው ካህኑ ዔሊ እንኳ የሰከረች መሰለው። ቀጥሎ የሆነውን በዝግታ አንብቢው፤ ልቧን አፍስሳ፣ በዔሊ ቃል ተመርቃ ወጣች፣ ሄዳ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም። ሳሙኤል ገና አልተፀነሰም እኮ! በማግሥቱ ሰግደው ወደ አርማቴም ተመለሱ፣ ልጁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንጀራው የጣፈጣት ምንም ሳይለወጥ ነበር። አንቺ መልስ የምትዪው ሥራውን ብቻ ከሆነ፣ ይሄኛውን መልስ መጥቶም አታዪውም።

አንድ የማስጠነቅቅሽ ነገር አለ። ሲጨንቅሽ በስልክ «ጸሎት እናደርግልሻለን፣ ይህን ያህል ብር አስገቢ» የሚሉ ይመጡብሻል። ዝጊው። ሰው ስለ አንቺ መጸለዩ መልካም ነው፤ ዋጋ ከተቆረጠለት ግን ንግድ ነው። ከታመምሽም ጠበሉንም ሐኪሙንም ያዢ፤ መድኃኒት አቁሚ የሚልሽን አትስሚ።

ሌላው፣ ጥቂት ነገር በቃልሽ ያዢ። አረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩትን እህቶቻችንን አስቢ። ሳዑዲ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ መጽሐፍ ገልጦ መቆምም በየቤቱ የሚቻል አይደለም። እዚያ ሳህን እያጠቡ የሚደገመው በቃል የተያዘው ብቻ ነው። አንቺም አንድ ቀን ሆስፒታል ትተኚያለሽ፣ ወይ መብራት ይጠፋል፣ ወይ ስልክሽ ላይ ያለው መጽሐፍ ባትሪው ያልቅበታል። አቡነ ዘበሰማያትንና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ታውቂያቸዋለሽ። መዝሙር 50ን ጨምሪባቸው፤ ቀስ ብለሽ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያልሽ።

ጣዕም ስላጣሽ ብቻ እንዳታቆሚ። ደረቅ ሆኖ የሚያልፍ ወር ይኖራል፤ አፍሽ ይላል፣ ልብሽ ገበያ ነው። ለዚያ ብለሽ ቃሉን አታብዢ፣ ሰዓቷንም አትቀይሪ። እንባ ሲመጣ ተቀበዪው፣ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ አትጭመቂው። ጸሎትሽን አድርሰሽ ወደ ሥራሽ ተመለሺ።

የሚያመልጥሽ ቀንማ መኖሩ አይቀርም። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ቀን የተከፈለው እያንዳንዱ ቀን የራሱ እንዲኖረው ነው። የሐሙሱ ካመለጠሽ፣ ዓርብ ማታ የሁለቱን ቀን አንድ ላይ ልወጣ ብለሽ እንደገና እንዳትንገዳገጂ። የዓርቡን ድገሚና ተኚ።