ኩሽናውን ሳታዩ አትመዝገቡ

ደብረ ታቦር ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሩ ይሳሳል፤ ውኃው ላይ የሚያርፈው ግፊት ስለሚቀንስም ድስቱ ገና ሳይግል ይንተከተካል። ሽምብራና ባቄላ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ውሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ሊጥ ደግሞ በተቃራኒው ፈጥኖ ኩፍ ይላል። የፋርጣ፣ የጋይንትና የእስቴ እናቶች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል፤ እህሉን ማታውኑ ዘፍዝፈው ያሳድራሉ፣ ሊጡንም ከዓይናቸው አያርቁትም።

ምግብ ዝግጅት ለመማር የምታስቡ የደቡብ ጎንደር ልጆች፣ እናንተ የምትነሡት ከዚህ እውቀት ነው። የጉና ግርጌን ድንችና ገብስ፣ የፎገራን ሩዝ፣ የደራን ጤፍ፣ የጣናን ዓሣ እያያችሁ አድጋችኋል። ሩዝ ከጤፍ ተደባልቆ እንጀራ ሲወጣው በልታችኋል። ነሐሴ 13 ለደብረ ታቦር በዓል ሙልሙል ሲጋገር ማገዶ አቀብላችኋል። የቀራችሁ የምታውቁትን ነገር ልኩንና ምክንያቱን አሳይቶ በሌላ ሰው ኩሽና፣ ለሌላ ሰው ገበታ እንድትሠሩት የሚያበቃችሁ ትምህርት ቤት ነው።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሙያ ፈተና የወደቀ ልጅ መጠለያ አድርጎ ያየዋል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ናቸው የሚለኝን ሰው አላምንም። ቢሆንም ሌላው በር ስለተዘጋ ብቻ ወደ ኩሽና መግባትን አልመክርም። ሥራው ቆሞ መዋል ነው፤ ሙቀት አለው፣ ሰው ሁሉ በዓል ሲያከብር እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ። ወዳችሁ የገባችሁበት እንደሆነ ግን ድካሙ ይቻላል። ወንዶችም «ወንድ ልጅ ከማጀት ምን አለው?» የሚለው ወሬ አያስቀራችሁ። ራስንም ቤተሰብንም የሚያኖር ሙያ ለወንድም ለሴትም ክብር ነው።

ምርጫው ላይ ስትደርሱ ከማስታወቂያው፣ ከሕንፃውና ከምረቃው ፎቶግራፍ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ኩሽናውን ማየት እንችላለን?» ባዶውን ሳይሆን የተግባር ትምህርት ባለበት ቀን። በአንድ ምድጃ ስንት ተማሪ እንደቆመ ቁጠሩ። አሥራ አምስት ልጅ አንድ ድስት ከቦ አሠልጣኙ ሲያማስል ብቻ የሚያይ ከሆነ፣ እናንተም ገንዘብ ከፍላችሁ ተመልካች ትሆናላችሁ። የመክተፊያውን ገበታ አገላብጡት፤ በቢላ የተጫረ ከሆነ ተማሪ ሠርቶበታል፣ አዲስ እንደተገዛ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደግሞ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ፍሪጁን አስከፍቱ። ጥሬ ሥጋው ከታች፣ የተሠራው ምግብ ከላይ፣ በየዕቃው ላይም ቀን ተጽፎ ከሆነ እዚያ ቤት ንጽሕና በቃል ብቻ አይሰጥም ማለት ነው። እጅ መታጠቢያው ውኃና ሳሙና አለው? ተማሪዎቹ ሽንኩርት ሲከትፉ ጣቶቻቸውን ወደ ውስጥ አጥፈው ይይዛሉ? እኔ ለራሴ ልጅ ትምህርት ቤት ብመርጥ ከወረቀቱ ሁሉ በፊት የማየው እነዚህን ነው።

ከዚያ ለአሠልጣኙ በአክብሮት አንድ ጥያቄ አቅርቡ፤ ባቄላ እዚህ ደጋ ላይ ለምን ይዘገያል? ስለ ከፍታውና ስለ ግፊቱ ካስረዳችሁ፣ ፕሬሸር ኩከር ምን እንደሚለውጥም ከጨመረላችሁ፣ ከእርሱ ብዙ ትማራላችሁ። የሚያስተምረው ምክንያቱን ጭምር ነውና። የምግብ አሠራር ዝርዝር ማንም ሰው ከስልኩ ያገኛል። ምክንያቱን የያዘ ልጅ ግን ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ዱባይም ቢሄድ ምድጃውን ቶሎ ይለምደዋል።

ስለ ወረቀቱም ላንሣ፣ ብዙ ልጅ የሚቆጨው እዚህ ላይ ነውና። ተቋሙ የእውቅና ፈቃድ እንዳለው፣ ፈቃዱም በምትማሩት ሙያና ደረጃ መሆኑን አረጋግጡ። ከትምህርት ቤቱ የምታገኙት ምስክር ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ የብቃት ምዘናውን፣ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለውን፣ ማለፍ አለባችሁ። ስለዚህ «አምና ካስመዘናችኋቸው ስንቱ አለፉ?» ማለት መብታችሁ ነው፤ የሚያኮራ ውጤት ያለው ቤት ጥያቄውን አይሸሽም። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በመርሕ ደረጃ 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ መሆን አለበት። ለትብብር ሥልጠና ወደ የትኛው ሆቴል እንደሚልኳችሁ፣ እዚያስ ድስት ታጥባላችሁ ወይስ ታበስላላችሁ የሚለውን ቀድማችሁ ስሙ። በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የሆቴል ማኔጅመንት ዲግሪ ደግሞ መልካም ትምህርት ነው፣ ግን በዋናነት አስተዳዳሪ ያወጣል። ቢላና ምድጃ የሚፈልግ ሰው የሙያ ደረጃውን መንገድ ይያዝ።

አንድ ነገር ደግሞ በልዩ ሁኔታ እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ፤ ጾም። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ይጾማል፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ 15። ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ብቻ የሚያውቅ ሼፍ በዚህ አገር ግማሹን ዓመት እጁ ታስሮ ይውላል። የጾም ኬክ፣ የጾም ሾርባ፣ የሩዝና የድንች የጾም ምግብ በደንብ የሚያስተምር ቤት ካገኛችሁ ያዙት። የእንስሳት ተዋጽኦ የማይበሉ ሰዎች በየአገሩ እየበዙ ነው፤ እናቶቻችን በሽሮ፣ በምስርና በጎመን የደረሱበትን ሌላው ዓለም ዛሬ ከፍሎ እየተማረው ነው።

የት እንማር ለሚለው መጀመሪያ ቅርቡን ጠይቁ። በደብረ ታቦር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅም ሆነ በየወረዳው ባሉ የመንግሥት ተቋማት ዘንድሮ ምግብ ዝግጅት ይሰጥ እንደሆነ ማጣራት ምንም አያስወጣችሁም። ቀጥሎ ባሕር ዳር አለ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎንደርም አለ። አዲስ አበባ ደግሞ በ1961 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ሰው ሁሉ «ካተሪንግ» እያለ የሚጠራው የቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት አለ፤ በየሆቴሉ ያሉ ብዙ ነባር ባለሙያዎች የወጡት ከዚያ ነው። ሒሳቡን ስታወጡ የትምህርቱን ክፍያ ከቤት ኪራይ፣ ከምግብና ከትራንስፖርት ጋር ደምሩት። የመንገዱንና የሰላሙን ሁኔታም ከቤተሰብ ጋር ተመካከሩበት። አቅም ካልፈቀደ ቅርብ ያለው ደህና ኩሽና፣ ሩቅ ካለው ትልቅ ስም ይሻላል ባይ ነኝ።

ዝነኛውን ሼፍ ማርቆስ ሳሙኤልሰንን አስቡት። ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን አደገ፤ ምግብ መሥራት የጀመረው ከአሳዳጊ አያቱ ጎን ቆሞ ነው። ጎተንበርግ ከተማ ሙያውን ተማረ፣ ከዚያም በስዊዘርላንድ፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ኩሽናዎች ከታች ጀምሮ ሠራ። በኋላ ኒው ዮርክ ላይ ስሙ ገነነ። ሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስ ደግሞ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ አጠገብ፣ ያኔ የፖል ቦኩዝ ተቋም ይባል በነበረው ትምህርት ቤት ተምሮ አገሩ ተመለሰ፤ ተመልሶም የኢትዮጵያን ምግብ በመጽሐፍ ለዓለም አስተዋወቀ። የሁለቱም ትምህርት ቤት ጥሩ ነበር። ግን ትምህርት ቤቱ ሲያልቅ ሥራውን አላቆሙም፣ ከቤትና ከአገር የያዙትንም አልጣሉም። እናንተም የእናቶቻችሁን አሠራር በደብተር መጻፍ ዛሬውኑ ጀምሩ፤ በርበሬው ስንት ጊዜ እንደሚታሽ፣ አብሹ መቼ እንደሚገባ፣ ሽሮው በስንት እፍኝ እንደሚሠራ። ክፍል ስትገቡ ይህ ደብተር ከማንኛውም መጽሐፍ እኩል ይጠቅማችኋል።

እናትና አባቶችም፣ ልጃችሁ «ሼፍ መሆን እፈልጋለሁ» ሲላችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩ። አብራችሁ ሂዱ፣ ኩሽናውን እዩ፣ አሠልጣኙን አናግሩ። ለልጃችሁ የምታወጡት ገንዘብ የት እንደሚገባ የማወቅ መብት አላችሁ።

እናንተ ልጆች ደግሞ ከዚህ ሳምንት የሥራ ቀናት አንዱን ምረጡ። ቢያንስ ሁለት ትምህርት ቤት እዩ፣ ጥያቄዎቻችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፣ የተመረቁ ልጆችን ፈልጋችሁ ሥራ አግኝተው እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ ተመዝገቡ።