ስለ ጥንት ዕቃ ጠባቂ ትዕግሥት

ብዙ ዘመን ተቀብሮ የኖረ ዕቃ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ ሲነኩት ግን ይፈርሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዕቃ ከጥፋት ማዳን ዕውቀትና ትዕግሥት የሚፈልግ ሙያ ነው።

አልፍሬድ ሉካስ የሚባል እንግሊዛዊ በዚህ ሙያ የታወቀ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበረ። እርሱም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1867 ዓ.ም. ተወለደ። ሳንባውን ስለ ታመመ ደረቅ አየር ፈልጎ ወደ ግብጽ አገር ሄደ፤ በዚያም ለመንግሥቱ ብዙ ዘመን ሠራ።

በ1922 ዓ.ም. ሃዋርድ ካርተር ከሉክሶር ማዶ ባለው ሸለቆ የንጉሥ ቱታንካሙንን መቃብር አገኘ። በውስጡም ከ5,000 የሚበልጥ ዕቃ ነበረ። በዚያን ጊዜ ሉካስ ጡረታ ሊወጣ ተቃርቦ የ3 ወር ዕረፍት ተሰጥቶት ነበር። እርሱ ግን ዕረፍቱን ትቶ ሊረዳ መጣ፤ የ3 ወሩም ሥራ 10 ዓመት ያህል ሆነ።

በመቃብሩ ወለል ላይ በዶቃ ያጌጠ ነጠላ ጫማ ተገኘ። ሲያዩት ጕድለት ያለበት አይመስልም ነበር። ነገር ግን ዶቃውን የያዘው ክር ከ3,000 ዓመት በላይ ስለ ቈየ በስብሶ ነበር፤ እንዲሁ ቢያነሡት በእጅ የሚቀረው የተበተነ ዶቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ሠራተኞቹ የሻማ ሰም አቅልጠው አፈሰሱበት፤ ሰሙም እስኪጠነክር ድረስ ጠበቁ። ከዚህ በኋላ ጫማው ቅርጹን ሳይለቅ ተነሣ።

ዕቃው ሁሉ ከቦታው ሳይነሣ ቍጥር ይሰጠው፣ ፎቶግራፍም ይነሣ ነበር። ሉካስም ከምን እንደ ተሠራ ይመረምር ነበር። ውሃ የሸክላን ዕድፍ ያጠራል፤ በልስን ላይ የተለበጠውን ወርቅ ግን ልስኑን አሟሙቶ ያረግፈዋል። እንግዲህ ዕቃው ሳይታወቅ መድኃኒቱ አይታወቅም። ሉካስ የጥንት ግብጻውያን ዕቃቸውን ከምን ይሠሩ እንደ ነበር በ1926 ዓ.ም. በመጽሐፍ ጻፈ፤ በ1945 ዓ.ም. ሞተ።

ሉካስ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ የዚያው ንጉሥ የወርቅ ጭምብል ጢሙ በካይሮ ቤተ መዘክር ወለቀ። ሠራተኞችም ቸኵለው ኤፖክሲ በሚባል ብርቱ ማጣበቂያ አጣበቁት፤ የማጣበቂያውም ነውር በጭምብሉ ላይ ታየ። በ2015 ዓ.ም. ሌሎች ሊቃውንት በእንጨት መሣሪያ ጥቂት በጥቂት ፍቀው አነሡት፤ ጢሙንም እንደ ጥንቱ በንብ ሰም መልሰው አጣበቁት።

«የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የፈረሰ የጥንት ዕቃ ግን እንደ ነበረ አይመለስም። ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ የማታውቁትን ነገር ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ፤ መርምሩም።