ሕይወቴ የማን ነው?

ንባብ፦ ዮሐንስ 10፥17-18፤ ገላትያ 6፥2-5

ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ እየነዳ የሚያመልክ አንድ ወንድም ከአገልግሎት በኋላ ጠበቀኝና፣ “ፓስተር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ለቤተሰብ ላክሁ። የራሴን ሕይወት የምኖረው መቼ ነው?” አለኝ። እናንተም ይህን ጥያቄ ታውቁታላችሁ።

ለዚህ ጥያቄ የቆየ የፍልስፍና መልስ አለ። አይን ራንድ እ.ኤ.አ. በ1905 ሩሲያ ተወለደች። ቦልሼቪኮች የአባቷን ፋርማሲ ወረሱት፤ እርሷም በ1926 ወደ አሜሪካ መጣች። ኦብጀክቲቪዝም ያለችው ትምህርቷ እንዲህ ነው፦ የእውቀት መንገድ አእምሮ ብቻ ነው፤ የሰው የሕይወት ግብ የራሱ ደስታ ነው፤ ማንም ማንንም በኃይል አያስገድድ።

ቁስሏ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የወላጆቻችንን ትርፍ ቤት የወረሰው በሕዝብ ስም ነበር።

1. እውነት የያዘችበት

ጌታን በሙሉ አሳባችን እንድንወድ ታዘናል፤ ማሰብ ኃጢአት አይደለም። ጳውሎስም በግድ የሚሆን ስጦታን አልፈለገም (2ኛ ቆሮንቶስ 9፥7)። በይሉኝታ በክሬዲት ካርድ ተበድረህ የምትልከው ገንዘብ ፍቅር ሳይሆን ፍርሃት ሊሆን ይችላል።

2. የሳተችበት

ዲቪ ሲደርሰን ቲኬቱን ማን ገዛልን? ቤዝመንቱ ውስጥ ማን አስጠጋን? ያልተቀበልነው ምን አለን? (1ኛ ቆሮንቶስ 4፥7)

ደግሞ የራስ ጥቅም ጥሩ ዘበኛ አይደለም። የራንድ የቅርብ ወዳጅ አለን ግሪንስፓን እዚሁ ዋሽንግተን ፌዴራል ሪዘርቭን ከ1987 እስከ 2006 መርቷል። በኦክቶበር 2008 ኮንግረስ ፊት ቀርቦ፣ ባንኮች ለራሳቸው ጥቅም ሲሉ ይጠነቀቃሉ ብሎ ማመኑ ስህተት እንደነበር ተናገረ። ልባችን እኛንም ያታልላል።

3. ክርስቶስ ያሳየን

ራንድ መስዋዕትነት ሲባል የታያት መነጠቅ ነው። ጌታ ግን ሕይወቱን ማንም እንዳልወሰደበት፣ በገዛ ፈቃዱ እንደሚያኖራት ተናገረ። ተገዶ የሰጠ ተነጥቋል፤ በእውነት መስጠት የሚችለው ነጻ ሰው ነው። ነጻነት የተሰጠንም በፍቅር እንድናገለግል ነው (ገላትያ 5፥13)።

ስለዚህ ወንድሜን እንዲህ አልሁት፦ የዛሬው ሕይወትህም የራስህ ሕይወት ነው፤ ግን በነጻነት ኑረው። በዚህ ሳምንት ከሀገር ቤት ስልክ ሲደወል መጀመሪያ ጸልይ። የሚገፋህ ፍርሃት ከሆነ፣ “አሁን አልችልም” ማለት ይፈቀድልሃል። ፍቅር ከሆነ ግን ስጥ፤ ከዚያ በኋላ ሒሳቡን አትቁጠር።

ጌታ በነጻነት የሚሰጥ ልብ ይስጠን። አሜን።