ነፋስ የማይበቃው የዘረመል ፍሰት፦ የሲፕሪፔዲየም ካልሴዎለስ ጉዳይ
የኦርኪድ ዘር ስንቅ የሌለው ትቢያ መሰል ቅንጣት በመሆኑ ነፋስ አርቆ ይወስደዋል፤ ስለዚህም በተራራቁ ስብስቦች መካከል የዘረመል ፍሰት ሰፊ እንደሚሆን ይገመታል። ይሁን እንጂ መድረስ መብቀል አይደለም፦ ዘሩ ባረፈበት አፈር ተስማሚ ፈንገስ ካላገኘ ፍሰቱ በዚያው ይቋረጣል።

በእንግሊዝ አገር ሲፕሪፔዲየም ካልሴዎለስ በሰብሳቢዎች ከተመናመነ በኋላ፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለአሥርተ ዓመታት የሚታወቀው በዮርክሻየር የተረፈ አንድ የዱር ተክል ብቻ ነበር። አበባው ንቦችን የሚስበው ያለ ማር፣ በማታለል ነው፤ ብቸኛ ተክል ደግሞ ርክበ ብናኝ ቢያገኝ እንኳ የሚዳቀለው ከራሱ ጋር ነው። ከአህጉራዊው አውሮፓ ብናኝ ቢመጣለት ብዝኃ ዘረመሉ ይሰፋል፤ የአካባቢው መለያ ግን ሊደበዝዝ ይችላል። ከዚያው አገር በቀደመው ዘመን ተነቅለው በአትክልት ስፍራዎች የቆዩ ተክሎች (የጥፋቱ ሰበብ የነበረው ስብሰባ ያተረፋቸው መሆናቸው ያስገርማል) ከሁለቱም የተሻሉ የብናኝ ምንጮች ናቸው።