ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው መሻገር ለምን አስቸጋሪ ነበር?



ዛሬ በስልካችን መልእክት እየጻፍን ሳለ ወደ ሂሳብ ማሽኑ ሄደን፣ ደምረን እንመለሳለን፤ የጻፍነውም ባለበት ይጠብቀናል። የመጀመሪያዎቹ የግል ኮምፒዩተሮች ግን ይህን አይችሉም ነበር። ምክንያቱን ማወቁ ለእኛ ይጠቅመናል፤ ከችግሩ ከፊሉ እኮ እስካሁን በየትምህርት ቤቱ የድሮ ፋይል ውስጥ ይገኛል። ችግሩም ሁለት ነው፤ አንደኛው የቦታ፣ ሁለተኛው የቁጥር።

ሀ) የቦታ ችግር

አይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተሩን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ኮምፒዩተሩን የሚመራው ዶስ በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነበር የሚያሠራው። መሣሪያው ሊደርስበት ከሚችለው 1,024 ኪሎባይት የማስታወሻ ቦታ 384ቱ ለስክሪንና ለመሳሰለው ተይዟል። ስለሆነም ለዶስና ለፕሮግራሙ የሚተርፈው ቢበዛ 640 ነበር።

ይህን በጣናው ታንኳ እንመስለው። ከደንገል የተሠራች አንዲት ታንኳ እንጨት ከጫነች፣ ሌላ ጭነት ለመጫን መጀመሪያ ዳር ደርሳ ማራገፍ አለባት። በዶስ ጊዜም በወርድስታር ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በሎተስ 1-2-3 ውጤት መደመር ቢፈልግ ጽሑፉን ዲስኬት ላይ ያስቀምጣል፣ ፕሮግራሙን ይዘጋል፣ ዲስኬት ይለውጣል፣ የሌላውን ፕሮግራም ስም ጽፎ እስኪከፈት ይጠብቃል። ሳያስቀምጥ ከዘጋማ ድካሙን ውሃ በላው!

መላ የፈለጉም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ሳይድኪክ ማስታወሻው ውስጥ አድፍጦ ይቆይና ቁልፍ ሲነካ ብቅ ይላል። ሆኖም ያችኑ 640 ይሻማል፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ቁልፍ ከተጣሉም ኮምፒዩተሩ ሊደርቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 አንዲ ሄርትዝፌልድ ለማኪንቶሽ የሠራው ስዊቸር ደግሞ ማስታወሻውን ከፋፍሎ ለየፕሮግራሙ ድርሻ ሰጠ። የሚሠራው ግን ፊት ያለው ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። ማስታወሻ እየበዛና እየረከሰ ሲሄድ፣ የሚመራውም ሥርዓት ሲሻሻል ይህ ችግር ተቃለለ።

ለ) የቁጥር ችግር

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። በአንድ ባይት የሚወከሉት 256 ቁጥሮች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ 128 ለእንግሊዝኛ ፊደልና ለልዩ ልዩ ትእዛዞች ተይዘዋል። የእኛ 33 ፊደላት ግን በ7 ቤት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹና የግዕዝ ቁጥሮች ሳይጨመሩ። ታዲያ 231 በቀረው 128 ውስጥ እንዴት ይግባ?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ «ዳሽን» እና የዶክተር አበራ ሞላ «ሞዴት» ያሉ የአማርኛ ፕሮግራሞች ብቅ ሲሉ፣ ሁሉም የሚከተለው አንድ የጋራ ዝርዝር አልነበረም። በኋላም በየጊዜው የመጡት ሠሪዎች አንዳንዱ የእንግሊዝኛውን ቦታ ለአማርኛ ሰጠ፤ አንዳንዱ አንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ አጋጠመ። በዚህም የተነሳ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም።

በክፍላችን ምሳሌ እንየው። በ7ኛ «ሀ» ተራ ቁጥር 12 አልማዝ ናት፤ በ7ኛ «ለ» ተራ ቁጥር 12 ሙሉጌታ ነው። ስም የሌለው የውጤት ዝርዝር ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ከተወሰደ የአልማዝ 90 ለሙሉጌታ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ማስታወሻ በመጨመር አይፈታም፤ የሚፈታው ሁሉም በአንድ ዝርዝር ሲስማማ ነው። ስምምነቱም የተገኘው ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ነው።

ምን እናድርግ?

ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የፊደል ቅርጽ የተጻፈ ፈተና ወይም ቃለ ጉባኤ ዛሬ ቢከፈት የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ሊመስል ይችላል። ተበላሽቷል ብለን አንሰርዘው! በመጀመሪያ በየትኛው ፕሮግራም እንደተጻፈ እንጠይቅ፤ ቀጥለን በመለወጫ ወደ ዩኒኮድ እንለውጠው፤ በመጨረሻም ከታተመው ወረቀት ጋር እናመሳክረው፤ በተለይ የተማሪ ስምና ውጤት። የጻፉት ሰዎች በጡረታ ከመሰናበታቸው በፊት ቢሠራ ይቀላል።

መልመጃ፦ በዩኒኮድ «ሀ» 4608፣ «ሁ» 4609 ነው። በዚህ ክፍል እያንዳንዱ ፊደል ከነቤቶቹ 8 ቦታ ስለተሰጠው «ለ» 4616 ይሆናል። በሀ ሁ ተራ ሄዳችሁ የ«መ»ን እና የ«ሚ»ን ቁጥር ፈልጉ።