ስለ ስንዴ ዋግና በስልክ ስለሚሰማ ምክር

በወግዲና በመካነ ሰላም ደጋ ስንዴ፥ ገብስ፥ ጤፍና ባቄላ ይዘራል። ከስንዴ ጠላቶች ሁሉ የሚያስፈራው ዋግ ነው። የዋግ ዘር ከዱቄት ይልቅ የደቀቀ ስለሆነ በነፋስ እየተነዳ ከአገር ወደ አገር ያልፋል፤ የዓባይ ገደል እንኳ አያግደውም።

ቢጫው ዋግ ብርድና ጤዛ ይወዳል፤ በቅጠሉ ላይ እንደ ስፌት ተሰልፎ ይታያል። የግንድ ዋግ ግን ሞቅ ያለ አየር ይወዳል፤ መልኩም የብረት ዝገት ይመስላል፤ አገዳውን በልቶ ፍሬውን ያቀጭጨዋል።

በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ተነሥቶ ኩብሳ የተባለውን ስንዴ አጠፋ። ኩብሳ እስከዚያ ድረስ በገበሬዎች ዘንድ የተወደደ ዘር ነበረ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ቢጫ ዋግን የሚችለውን ዲገሉን ዘሩ። በ2006 ዓ.ም. ግን በአርሲና በባሌ የግንድ ዋግ መጥቶ ዲገሉን መታው። ገበሬው አልሰነፈም፤ የሰማውም ምክር ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ምክሩ አረጀ።

እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ ካልተሰማ አይጠቅምም። የግብርና ባለሙያ በሸለቆ በተከፋፈለ አገር ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ሲዞር ቀኑ ያልፋል። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፥ ኋላ ኢንስቲትዩት የተባለው፥ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋራ ሆኖ 8028 የተባለውን የስልክ ቁጥር ለገበሬዎች ከፈተ። ለጥሪው ዋጋ እንዳይከፈል ተደረገ። ደዋዩ የስልኩን ቁጥሮች እየነካ ቋንቋውንና የእህሉን ዓይነት ይመርጣል፤ ከዚያም ስለ እርሻ፥ ስለ ማዳበሪያና ስለ በሽታ የተቀዳ ድምፅ ይሰማል። ፊደል ላልቆጠረ ሽማግሌ ጆሮው ይበቃዋል።

ደዋዩ ሲመዘገብ የሚኖርበትን ቦታ ይጠየቃል። ይህም ለከንቱ አይደለም፤ በሽታ ወይም ድርቅ ሲነሣ ማስጠንቀቂያው በየቦታው ተለይቶ እንዲላክ ነው። በወግዲ ተቀምጦ ሌላ ወረዳ ያስመዘገበ ሰው የሌላ አገር ወሬ ይደርሰዋል።

ድምፁ ግን ማሳውን አያይም። ስለዚህ ተማሪ ለአባቱ ከመደወሉ አስቀድሞ በማለዳ ወደ ማሳው መካከል ይግባ፤ በተለይም ውሃ የሚያቁረውን ስፍራ ይመልከት። ቅጠሉንና አገዳውን በጣቱ ያሽ፤ ጣቱን ቢጫ ወይም ቀይ ዱቄት ቢያቀልመው ዋግ መሆኑን ይጠርጥር። ስንዴው የተዘራበትን ቀንና ማሸት አለማሸቱን በደብተሩ ይጻፍ፤ መድኃኒት የሚረዳው በሽታው ሳይስፋፋ ነውና፥ ፍሬው ከጠነከረ በኋላ የሚረጭ ሰው ገንዘቡን ያባክናል።