ሴቭ ያደረጉትን ስለ መተው፦ የቪዲዮ ጌምና የቡድሃ አስተምህሮ

የዚህን ጽሑፍ ርእስ ለጓደኞቼ ስነግራቸው አንዱ «ቡዳ ደግሞ ጌም ይጫወታል እንዴ?» ብሎ አስቆናል። ቡዳ ሳይሆን ቡድሃ ነው፤ ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት በሕንድ ምድር ያስተማረው ሲድሃርታ ጎታማ። ለመሆኑ አንድ ጌም የእሱን ሐሳብ ያንጸባርቃል የሚባለው መቼ ነው? በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ለመመለስ እሞክራለሁ።

መነሻዬ የራሴ ገጠመኝ ነው። በ2003 ዓ.ም. አፍንጮ በር አካባቢ አንዲት ጠባብ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረች። ከሰፈር ልጆች ጋር ሳንቲም እያዋጣን ክረምቱን ሙሉ «ሳን አንድሪያስ»ን ተጫወትን። አንድ ቀን ስንሄድ ሌላ ልጅ በእኛው ላይ ሴቭ አድርጎበት ሁሉም ነገር ጠፍቶ አገኘነው። አለቀስኩ። ዛሬ ሳስበው ግን ምን ተወሰደብኝ? የሚዳሰስ ቤት የለ፣ የሚነዳ መኪና የለ። ያስለቀሰኝ «የእኔ» ያልኩት ነገር መጥፋቱ ነው።

የቡድሃ ትምህርት እምብርቱም እዚሁ ላይ ነው። ሁሉም ነገር አላፊ ነው፤ «እኔ» የምንለው እንኳ ቋሚ ማንነት የለውም። አላፊውን እንደ ቋሚ አጥብቀን ስንይዝ ስቃይ ይመጣል፤ ስቃዩ የሚቀረው ምኞትና ሙጥኝ ማለት ሲቀር ነው። አብዛኛው ጌም የሚያስለምደን ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነው፦ ሰብስብ፣ ጨምር፣ አሸንፍ፣ ሴቭ አድርግ።

ይህን ልማድ የሚፈታተኑ ጌሞች ግን አሉ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1993 ጃፓን ውስጥ የተሠራው «ኮስሞሎጂ ኦፍ ኪዮቶ» ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ከሺህ ዓመት በፊት በነበረችው ኪዮቶ ከተማ ነው። ተጫዋቹ ሲሞት ጨዋታው አያልቅም፤ ሲኦልን አይቶ እንደ ሥራው ዳግም ይወለዳል። ካርማውም፣ ዳግም ልደቱም በግልጽ ይታያል።

ለእኔ ጠልቆ የሄደው ግን እ.ኤ.አ. በ2017 በዮኮ ታሮ ዳይሬክተርነት የወጣው «ኒር፦ አውቶማታ» ነው። እዚያ ካሉት ሮቦቶች የአንዳንዶቹ ስም እንኳ እንደ ፓስካል ካሉ የምዕራብ ፈላስፎች የተወሰደ ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ ተጫዋቹ የሠሪዎቹን ስም ዝርዝር እየተኮሰ ማለፍ አለበት። በጣም ከባድ ስለሆነ ደጋግሞ ይወድቃል። በኋላ የማያውቃቸው ተጫዋቾች ሊያግዙት ይመጣሉ። ሲያልፍ ጌሙ ይጠይቀዋል፦ አንተስ የማታውቀውን ሰው ለመርዳት ሴቭ ያደረግከውን ሁሉ ትሰጣለህ? የሚረዳው ሰው የሚጠላው ሊሆን እንደሚችልም ይነግረዋል። እሺ ካለ የብዙ ሰዓት ድካሙ ዓይኑ እያየ ይደመሰሳል። ለካ እነዚያ ያገዙትም የራሳቸውን ሰጥተው ኖሯል!

እዚህ ላይ ልዩነቱን ልብ በሉ። በኪዮቶው ጌም ቡድሂዝም ተጫዋቹ የሚያየው ታሪክ ነው፤ በኒር ግን ጥያቄው የሚቀርበው ለራሱ ለተጫዋቹ ነው። አፍንጮ በር ላይ ተቀማሁ እንጂ አልሰጠሁም፤ ስለዚህም ከማልቀስ በቀር የተማርኩት አልነበረም። መተው ትምህርት የሚሆነው ወዶ ሲተዉ ነው።

«ሰጪውስ በመስጠቱ ቢኩራራ?» የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። እውነት ነው፤ «እኔ እኮ ሰጥቻለሁ» ማለትም ሌላ ሙጥኝ ማለት ነው። ጌሙ ልብን መመርመር አይችልም። የሚችለው ተጫዋቹን ምርጫው ፊት ማቆም ብቻ ነው።

ስለዚህ ለጥያቄዬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ጌምን የቡድሃ ሐሳብ አለበት የሚያሰኘው የሚታየው ሐውልትና ቤተ መቅደስ ሳይሆን ተጫዋቹን የሚያስደርገው ነገር ነው። እናንተስ ብትሆኑ ትሰጡ ነበር? እኔ ጆይስቲኩን ይዤ ብዙ ደቂቃ አመንትቻለሁ።